ከወሰን ማዶ የተቀበረ ቆሻሻ፦ የአዲስ አበባና የሰንዳፋ ማስወገጃ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ በአጭሩ

የታዳጊ አገር ከተሞች በወጉ የማይተዳደሩት ለምንድን ነው ሲባል ቀድሞ የሚጠቀሰው የገንዘብ እጥረት ነው። በሰንዳፋው የደረቅ ቆሻሻ ማስወገጃ ግን ገንዘቡ ተገኝቶ ነበር። የፈረንሳይ የልማት ኤጀንሲ ደገፈው፣ ቦታው ተለየ፣ ግንባታው ተካሄደ፣ መኪኖችም ማመላለስ ጀመሩ። በ2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው ይህ ማስወገጃ በዚያው ዓመት ክረምት በአካባቢው አርሶ አደሮች ተቃውሞ ቆመ። የአዲስ አበባ ቆሻሻም ሊዘጋ ታስቦ ወደነበረው አሮጌ የቆሻሻ ክምር፣ ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። በአገር ደረጃም የሦስት ቀን ሐዘን ታወጀ።

ይህ ጽሑፍ የግለሰብ ስም አያነሳም። ባለሥልጣናቱም ሆኑ አርሶ አደሮቹ በተሰጣቸው ሥልጣንና በደረሰባቸው ጉዳት ልክ ነው የተንቀሳቀሱት። የጎደለው ከተማውና ጎረቤቱ በጋራ የሚገዙበት ውል ነበር።

መነሻው፦ ቆሼ እንዴት እዚህ ደረሰ

በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ረጲ የሚገኘው ቆሼ ቆሻሻ መቀበል የጀመረው በ1950ዎቹ ነው። ያኔ ቦታው ከከተማ ውጪ ነበር። ከተማዋ እየሰፋች ሄዳ ከበበችው፤ በመጨረሻ ወደ 36 ሄክታር የሚሆነው ክምር በመኖሪያ ቤቶች መካከል ቀረ። ከሥሩ የተነጠፈ መከላከያ አልነበረውም፣ የዝናብ ውሃ ማስወገጃ አልነበረውም፣ በየቀኑ አፈር አይለብስም ነበር። ፕላስቲክ፣ ብረትና ጠርሙስ እየለቀሙ የሚያድሩ ብዙ ሰዎች በዙሪያውና በላዩ ላይ ኖረዋል።

በሌላ በኩል የቆሻሻ አሰባሰቡ ተሻሽሎ ነበር። ወጣቶችና ሴቶች በጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራት ተደራጅተው ከየቤቱ በማዳበሪያና በጋሪ ይሰበስባሉ፣ መንገድ ዳር ወደተቀመጠ 8 ሜትር ኩብ የሚይዝ ገንዳ ይገለብጣሉ፣ ገንዳ ማንሻ መኪናው ደግሞ ወደ ቆሼ ይወስደዋል። የአገልግሎት ክፍያው ከውሃ ፍጆታ ሂሳብ ጋር ስለሚሰበሰብ ቤት ለቤት የሚዞር ገንዘብ ተቀባይ አላስፈለገም። ይህ ከብዙ የአፍሪካ ከተሞች የተሻለ አሠራር ነው። ነገር ግን የሰንሰለቱ የመጀመሪያ ግማሽ ሲጠነክር ሁለተኛው ግማሽ ባለበት ቆመ። ከየመንደሩ በደንብ የተነሳው ቆሻሻ ሁሉ ያለ ምንም ጥበቃ እዚያው አሮጌ ክምር ላይ ወጣ። ለነዋሪው የሚታየው ከደጁ የተነሳው ቆሻሻ ስለሆነ በጀቱም ትኩረቱም ወደዚያው ያደላል። የመጨረሻው ማረፊያ ግን ካልፈረሰ በቀር የሚጎበኘው የለም።

ከተማው ለምን ከወሰኑ ወጣ

የአዲስ አበባ ስፋት 527 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በሁሉም አቅጣጫ የሚያዋስናት የኦሮሚያ ክልል ነው። ደረጃውን የጠበቀ ማስወገጃ በርካታ አሥር ሄክታሮችን፣ ከዚያም በላይ ከቤትና ከውሃ የሚለየው ባዶ ዙሪያ ይፈልጋል። እንዲህ ያለ መሬት በከተማዋ ወሰን ውስጥ ማግኘት አዳጋች ነው። በመሆኑም የተመረጠው ቦታ በስተሰሜን ምሥራቅ ሰንዳፋ አካባቢ፣ በክልሉ አስተዳደር ሥር ነበር። የሰንዳፋ ከተማ ከመሀል አዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች።

እዚህ ላይ ሕጉ የተወው ክፍተት ይታያል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 49(5) አዲስ አበባ በኦሮሚያ መሀል በመገኘቷ የሚነሱ የአገልግሎት፣ የተፈጥሮ ሀብትና የጋራ አስተዳደር ጉዳዮች ላይ የክልሉ ልዩ ጥቅም እንደሚጠበቅ ይደነግጋል፤ ዝርዝሩ በሕግ እንደሚወሰንም ይናገራል። ማስወገጃው ሥራ ሲጀምር ድንጋጌው ሃያ ዓመት አልፎት ነበር፤ ዝርዝር ሕጉ ግን አልወጣም። በ1995ቱ ቻርተር የተቋቋመው የከተማ አስተዳደር ተጠሪነቱ ለፌዴራል መንግሥት ነው። ወረዳውና ዞኑ ተጠሪነታቸው ለክልሉ ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት ቋሚ ቦርድ፣ የጋራ በጀት፣ የቅሬታ መስኮት የሚባል ነገር በሕግ አልተፈጠረም።

የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 እና የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ነበሩ። እነዚህ አዋጆች ፕሮጀክቱ ምን ማጥናትና ምን ማሟላት እንዳለበት ይናገራሉ፤ አንዱ ሕዝብ የሌላውን ቆሻሻ ሲቀበል በምትኩ ምን እንደሚያገኝ ግን አይመልሱም።

የካሳው ቀዳዳ

ይህ ክፍል ከሌሎቹ የበለጠ ትኩረት ይገባዋል ብለን እናምናለን፤ በሌሎች የመሠረተ ልማት ሥራዎችም የሚደገም ስህተት ነውና።

በወቅቱ ይሠራበት የነበረው የካሳ አዋጅ ቁጥር 455/1997 መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ የገጠር ባለይዞታ ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በአሥር ተባዝቶ እንዲከፈለው ያዝ ነበር። ጤፍና ገብስ የሚያመርት፣ በዓመት በአማካይ 20,000 ብር የሚያገኝ አርሶ አደር ብንወስድ 200,000 ብር ማለት ነው። በአሥር ዓመት ውስጥ የሚያልቅ ገንዘብ ለልጆቹ ሊያወርሰው ለነበረ መሬት በቂ መሆኑ አጠያያቂ ነው። በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ስሌቱን ከሦስት ዓመት ውስጥ ከፍተኛውን ገቢ ወስዶ በአሥራ አምስት እንዲባዛ አድርጎ አሻሽሎታል።

ዋናው ቀዳዳ ግን ከመጠኑ ይልቅ ተቀባዩን በሚለይበት መንገድ ላይ ነው። ካሳ የሚከፈለው መሬቱ ለተወሰደበት ሰው ነው። ከአጥሩ ማዶ ያለው ጎረቤት መሬቱ አልተነካም፤ ስለዚህ በመዝገብ ላይ ተጎጂ አይደለም። ሽታው፣ ዝንቡ፣ ውሻና ጅቡ፣ ሌሊት የሚያልፈው የመኪና ድምፅ፣ ከብቶቹ የሚጠጡት ጅረት ላይ የሚደርሰው ፍሳሽ የሚደርሰው ግን እሱ ጋ ነው። ካሳውን ተቀብሎ የሄደው ሰው አካባቢውን ለቋል፤ በየቀኑ ከማስወገጃው ጋር የሚኖረው ምንም ያልተከፈለው ነው። መንገድ የሚዘጋው ማን እንደሆነ ለማወቅ ይህን ማየት ይበቃል።

በሰንዳፋም የነዋሪዎቹ አቤቱታ በዚሁ ዙሪያ ነበር፦ ካሳው አንሷል፣ አስቀድመን አልተማከርንም፣ ሽታው አላስቀመጠንም፣ ውሃችን ተበክሎ ከብቶቻችን ታመዋል ይላል።

ክረምቱ ከቴክኒኩ ጋር ሲገናኝ

ደረጃውን የጠበቀ ማስወገጃ ሲባል ጉድጓድ ብቻ አይደለም። ከሥር የተጠቀጠቀ ሸክላ አፈር ይነጠፋል። በላዩ ብዙ ጊዜ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የፕላስቲክ ንጣፍ፣ በላዩ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጠጠር፣ በጠጠሩ ውስጥ ቀዳዳ ያላቸው ቱቦዎች ይዘረጋሉ። ቱቦዎቹ ከቆሻሻው የሚወርደውን ፍሳሽ ወደ ማጠራቀሚያ ኩሬ ይወስዳሉ። በየማታው በመጠቅጠቂያ ማሽን የተደፈጠጠው ቆሻሻ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ይለብሳል። ከእነዚህ አንዱ ከተጓደለ ሌላው ብቻውን አይሠራም። በተለይ አፈር ማልበሱ በነዳጅ፣ በዶዘርና በአፈር አቅርቦት ላይ ስለሚመሠረት ሥራው ሲጨናነቅ መጀመሪያ የሚዘለለው እሱ ነው።

የዝናቡን ሂሳብ እንመልከት። አንድ ሄክታር ላይ የሚወርድ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 100 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ሐምሌና ነሐሴ እያንዳንዳቸው ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባሉ። ስለዚህ አፈር ያልለበሰ አንድ ሄክታር ክፍት ቦታ በሁለቱ ወራት ብቻ ከ4,000 ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ይቀበላል፤ ከፊሉ ይተናል፣ ቀሪው በቆሻሻው ውስጥ አልፎ ጥቁር ፍሳሽ ሆኖ ይወርዳል። የአዲስ አበባ የቤት ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ፣ እርጥበት የበዛበት ስለሆነ ያለ ዝናብም ፍሳሽ ያወጣል። ኩሬው ለዚህ መጠን ካልተዘጋጀ ሞልቶ ወደ ታች መፍሰሱ አይቀርም። ቁልቁል ያለው ደግሞ የአርሶ አደሩ ግጦሽ ነው።

ርቀቱም የራሱን ችግር ይዞ ይመጣል። በ8 ሜትር ኩብ ገንዳ ውስጥ ያልተጠቀጠቀ ቆሻሻ በሜትር ኩብ 300 ኪሎ ቢመዝን አንድ ጭነት 2.4 ቶን ነው። ወደ ቆሼ በቀን አራት ጊዜ የሚመላለስ መኪና 10 ቶን ያህል ያነሳል። ደርሶ መልሱ 80 ኪሎ ሜትር ሲጠጋ፣ በዚያ ላይ የከተማው ትራፊክ ሲታከል፣ ሁለት ጊዜ ከደረሰ ጥሩ ነው። በተመሳሳይ መኪና፣ በተመሳሳይ ሾፌር የከተማው የማንሳት አቅም በግማሽ ይወርዳል፤ የነዳጅ ወጪው ደግሞ ይጨምራል። ዕቅዱ መሸጋገሪያ ጣቢያዎችን የጨመረውም ለዚህ ነው፦ ትንንሾቹ መኪኖች ከተማ ውስጥ ይገለብጣሉ፣ 20 ቶን የሚጭን ትልቅ መኪና ረጅሙን መንገድ ይሄዳል። መሸጋገሪያው ቀድሞ ካልተጠናቀቀ ሩቅ ማስወገጃ መክፈት ትርፉ የተንጠባጠበ መንገድና የተጠራቀመ ገንዳ ነው።

የወቅቱ ፖለቲካ

ማስወገጃው የተከፈተበት ጊዜ ከሁሉም የከፋ ነበር። የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ ቀስቅሶ፣ በኅዳር 2008 ተቃውሞው ከጊንጪ ተነስቶ ተስፋፋ። ዕቅዱ በጥር 2008 መሰረዙ ቢነገርም ንዴቱ አልበረደም። በ2009 መስከረም መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በእነዚህ ሁለት ነጥቦች መካከል፣ «ከተማው መሬታችንን ሊወስድ ነው» የሚል ስጋት በየመንደሩ በሚወራበት ወቅት፣ የከተማው የቆሻሻ መኪኖች በየቀኑ በዚያው ሕዝብ ደጃፍ አለፉ። ከተማው ወደ ጎረቤቱ የላከው የሚታይ ነገር ቆሻሻው ብቻ ነበር። ማስወገጃው በሌላ ዓመት ቢከፈት እንዲህ ቶሎ ባልቆመ ነበር ማለት ይቻላል። የካሳውንና የፍሳሹን አቤቱታ ግን ፖለቲካው አልፈጠረውም።

የተወሰዱ እርምጃዎችና ውጤታቸው

መኪኖቹ ሲታገዱ የከተማው ገንዳዎች በቀናት ውስጥ ሞሉ። ገንዳ ሲሞላ የማኅበራቱ ሠራተኞች የሚገለብጡበት የላቸውም፤ ስለዚህ ከቤት መሰብሰቡንም ያቆማሉ። ነዋሪው ፌስታሉን በገንዳው ዙሪያ ይደረድራል፣ ውሻ ይጎትተዋል፣ ዝናቡ ደግሞ ወደ ቦይ ያስገባዋል፣ ቦዩ ይዘጋና መንገዱ ይጥለቀለቃል። በዚያ ክረምት ቆሻሻ በየሰፈሩ ተከምሮ ነበር። ከነዋሪዎችና ከአካባቢው አመራር ጋር ውይይት ቢደረግም ማስወገጃው በቶሎ ሊከፈት አልቻለም።

የከተማው አስተዳደር ከዚያ በኋላ ያደረገው ብቸኛ የቀረውን ነው፤ ቆሼን መልሶ ከፈተ። አማራጭ ቦታ አልተዘጋጀም ነበርና። የቆሻሻ ክምር ጽናት በሦስት ነገሮች ይወሰናል፦ በዳገቱ ቀጥ ማለት፣ በውስጡ ባለው ውሃና ጋዝ፣ በላዩ በሚጫነው አዲስ ክብደት። ክረምቱን ሙሉ ውሃ የጠጣ፣ የዳገቱ ማዕዘን ያልተስተካከለ ክምር ላይ እንደገና መጫን ሦስቱንም ያባብሳል። ከሥሩ ሰው እየኖረ መጫን ደግሞ በምንም ስሌት ሊፈቀድ አይገባውም ነበር። ከሰው ሕይወት አንጻር የዚህ ጉዳይ ትልቁ ጥፋት ይህ ነው፤ የጭቃና የላስቲክ ቤቶቹ ከክምሩ ሥር እንደነበሩ ማንም ያውቅ ነበር።

ከናዳው በኋላ ሥራ ላይ የዋሉ ሁለት መፍትሔዎች ይጠቀሳሉ። አንደኛው በተባበሩት መንግሥታት የሰዎች ሠፈራ ፕሮግራምና በጃፓን ድጋፍ በቆሼ የተካሄደው የፉኩኦካ ዘዴ ነው። ዳገቱ ይስተካከላል፣ ከሥርና ወደ ላይ ቀዳዳ ያላቸው ቱቦዎች ይዘረጋሉ፣ በቱቦዎቹ ፍሳሽ ሲወጣ አየር ይገባል፣ ቆሻሻው ቶሎ ይበሰብሳል፣ ሚቴን ጋዙም ይቀንሳል። ውድ ማሽን አይጠይቅም፤ ቱቦው ከሌለ ቀርከሃም ያገለግላል። ለታዳጊ ከተማ ከሁሉ የሚመቸው ይህ ይመስለናል።

ሁለተኛው በነሐሴ 2010 የተመረቀው የረጲ ከቆሻሻ ኃይል ማመንጫ ነው። በቀን 1,400 ቶን እንዲያቃጥል የተነደፈ ሲሆን ከምረቃው በኋላ ሥራው በተደጋጋሚ ተቋርጧል። የሙዝ ልጣጭ፣ የጎመን ቅጠልና አመድ የበዛበት እርጥብ ቆሻሻ ሙቀቱ ዝቅተኛ ነው፤ መጀመሪያ ውሃውን ለማትነን ጉልበት ይጨርሳል። ሌላው ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነጥብ ደግሞ አመዱ ነው። ከሚቃጠል ቆሻሻ ክብደት ከ20 እስከ 25 በመቶው አመድ ሆኖ ይቀራል። 1,400 ቶን ሲቃጠል በየቀኑ ከ280 እስከ 350 ቶን አመድ መቀበሪያ ይፈልጋል። ማቃጠያ የመቀበሪያን ጥያቄ ያሳንሰዋል እንጂ አይዘጋውም። ያ ጥያቄ ደግሞ መልሶ ከወሰን ማዶ ይወስዳል።

በሌላ አገር፦ ጃካርታና ቤካሲ

የኢንዶኔዥያዋ ጃካርታም ቆሻሻዋን የምትቀብረው በሌላ አስተዳደር፣ በቤካሲ ከተማ በሚገኘው ባንታር ገባንግ ነው። ከእ.ኤ.አ. 1989 ጀምሮ ያገለግላል፣ ከ100 ሄክታር በላይ ነው። ቦታው ንጹሕ አይደለም፤ ክምሩም አደገኛ ነው። ነገር ግን በሁለቱ መካከል ውል አለ። ጃካርታ ለቤካሲ ትከፍላለች፤ በዙሪያው ያሉ ቤተሰቦችም መሬታቸው ሳይወሰድ ለሽታው ጥሬ ገንዘብ ይቀበላሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ቤካሲ በክፍያው ባለመስማማት የጃካርታን መኪኖች ስታግድ ጠቡ የተፈታው በድርድር ነበር፤ የሚደራደሩበት ሰነድና የሚደራደሩ ባለሥልጣናት ነበሩና። ሰንዳፋ ላይ የጎደለውን በትክክል የሚያሳየው ይህ ልዩነት ነው።

ሌላ ከተማ ቢሠራው

የመጀመሪያው ሥራ ከቁፋሮ በፊት የሚፈረም ውል ነው። ክፍያው በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ሳይሆን በቶን መሆን አለበት፤ ቆሻሻው እስከመጣ ድረስ ገንዘቡም እንዲመጣ። ለምሳሌ በቀን 1,000 ቶን የሚልክ ከተማ በቶን 20 ብር ቢከፍል በዓመት 7.3 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ይህን ለመቁጠር በበሩ ላይ የመኪና ሚዛን ያስፈልጋል፤ የሚዛኑን መዝገብ ደግሞ የተቀባዩ ወረዳ ሠራተኛም በየቀኑ ይፈርምበት። ገንዘቡ ወደ ዞን ወይም ክልል ካዝና ገብቶ የሚቀር ከሆነ ከአጥሩ ማዶ ያለው ሰው አያየውም። ስለዚህ ከፊሉ ለቀበሌው ውሃ፣ ክሊኒክና መንገድ፣ ከፊሉ በቀጥታ ለቤተሰቦች እንዲሄድ ውሉ ውስጥ ይጻፍ።

ካሳ ሲተመን መሬት የተወሰደበትን ብቻ አለመቁጠር። ከአጥሩ አንድ ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያሉ ቤቶች፣ ቁልቁል ደግሞ ጅረቱን ተከትሎ ከዚያም የራቁ ይመዝገቡ። የመጀመሪያው መኪና ከመግባቱ በፊት የጉድጓድና የምንጭ ውሃቸው ተመርምሮ ውጤቱ በእጃቸው ይሰጣቸው፤ ከዚያ በየሦስት ወሩ ይደገም። ይህ ካልተደረገ ከብት ሲሞት ውሃው ነው ወይስ በሽታ የሚለውን ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም፤ ከተማውም ንጹሕ ቢሆን እንኳ ራሱን መከላከል ያቅተዋል።

ሥራው በመስከረም ወይም በጥቅምት ይጀመር። ስምንት ወር ያህል የበጋ ልምምድ አግኝቶ ወደ ክረምት የሚገባ ሠራተኛ አፈር ማልበስንም፣ ኩሬ መቆጣጠርንም ለምዷል። በክረምት ክፍት የሚሆነው ቦታ ከአንድ ሄክታር እንዳይበልጥ፣ የቀረው በላስቲክ ወይም በአፈር እንዲሸፈን።

መጠባበቂያ ቦታ በወረቀት ሳይሆን በመሬት ላይ ይኑር። በቀን 2,000 ቶን የሚያነሳ ከተማ ለ30 ቀን 60,000 ቶን ማስቀመጥ ቢፈልግ፣ ተጠቅጥቆ በሜትር ኩብ 0.8 ቶን ቢሆን፣ 75,000 ሜትር ኩብ ነው፤ በ10 ሜትር ጥልቀት ከአንድ ሄክታር ያነሰ ቦታ። ይህን የሚያህል ቦታ በከተማ ወሰን ውስጥ ይገኛል። እንዲህ ያለ ቦታ ቢኖር ኖሮ በ2008ቱ ክረምት ከቆሼ ውጪ መውጫ ይኖር ነበር።

የሚበሰብሰውን ከምንጩ መለየትም ከአትክልት ተራና ከትልልቅ ሆቴሎች ቢጀመር ይቀላል። ከየቤቱ ለመለየት ዓመታት ይወስዳል፤ አንድ የአትክልት ገበያ ግን ቆሻሻው በአንድ ቦታ፣ ከሞላ ጎደል ሳይደባለቅ ስለሚገኝ በቀጥታ ወደ ኮምፖስት ሊሄድ ይችላል። ኮምፖስቱን የሚቀበለው አርሶ አደር ከወሰን ማዶ ያለው ሲሆን ደግሞ በውሉ ውስጥ ለመደራደሪያ አንድ ተጨማሪ ነገር ተገኘ ማለት ነው።

ስለ ልዩ ጥቅሙ የተዘጋጀ ረቂቅ አዋጅ በሰኔ 2009 በሚኒስትሮች ምክር ቤት አልፎ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ቢመራም አልጸደቀም። በነሐሴ 2014 ከተማውና ክልሉ በወሰናቸው ላይ ተስማሙ። ከዚያ በኋላ በዙሪያው የነበሩ በርካታ ከተሞች በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለሉ። አሁን ከሁለቱም ወገን መፈረም የሚችል አካል አለ። ክብደት፣ ክፍያና የውሃ ምርመራን የሚመለከት የቆሻሻ ውል ለብቻው ሊፈረም ይችላል፤ የአንቀጽ 49(5) ዝርዝር ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልገውም።